ገብስማዋ የታቀፈችበት በጋ

ሙቀቱ «ቤቶች!» ሳይል ነው የገባው። አንድ ጠዋት ሰዎች ዓይናቸውን ሲገልጡ ክፍላቸው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ አገኙት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስወጣው? የጣራው ቆርቆሮ ከረፋድ ጀምሮ ጣ... ጣ... ይላል። የግቢው ሊሾ ባዶ እግር አያስጠጋም። የቧንቧው ውሃ ሳይጣድ ፈልቶ ይወርዳል። ቀትር ሲሆን መንገዱ ጭር ይልና ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ መዋኘት ይጀምራል፤ ግንቡ ይዋኛል፣ የመብራት እንጨቱ ይዋኛል፣ ዣንጥላ ይዛ የምታልፈው ሴትዮ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም።

በዚያ ሰፈር ሙቀቱን ያልተራገመ ሰው ቢኖር ጡረተኛው ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሰፈርተኛው «ጋሽ ፉርኖ» ይለዋል። ጎልማሳነቱን በሙሉ ከዳቦ መጋገሪያው ከፉርኖው አፍ ፊት ቆሞ ያሳለፈ ሰው ነውና፣ ሌላው እፎይ ማለት አቅቶት ሲራገብ እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። «ይሄ ደግሞ ሙቀት ተብሎ! ይሄ እኮ ሊጥ እንኳ በወጉ ኩፍ አያደርግም» ይላል።

ሚስቱ አልጋ ላይ ናት። ታማ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኗን በቀዶ ሕክምና ተሠርታ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ በፋሻ ታስረዋል። ሐኪሙ ሲሸኛት የሰጠውን ትእዛዝ ጋጋሪው እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞታል፤ እንዳታጎነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ እንዳታለቅስ። ፋሻው ሳይፈታ እንባ ከመጣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ተብሏል። ታዲያ ሴትዮዋ እንባዋ ቅርብ ነው። የጎረቤት ልጅ ፈተና ሲያልፍ ታለቅሳለች፤ ሙሽራ በመኪና ሲያልፍ ታለቅሳለች፤ ሽንኩርትማ አይነሳ።

ልጆቻቸው ጎጆ ወጥተው በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ የዚያ ቤት ድምፅ ዶሮዎቹ ናቸው። ጥቁሯ አለች፣ ወሰራዋ አለች፣ አንገተ መላጣዋ አለች፣ ገብስማዋ አለች። ሴትዮዋ እያንዳንዳቸውን በአረማመዳቸው ትለያለች። ለጋጋሪው ግን ዶሮ ማለት ላባ ያለበት ነገር ነበር፤ እስከዚያ በጋ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ጥሬ በትኖላቸው አያውቅም።

«ዶሮዎቼን አደራ» አለችው፣ ከሕክምና በመጡ ዕለት፣ እጁን ይዛ። «በተለይ ገብስማዋን። ታቅፋለች። ታቅፋ ሳትፈለፍል የተነሳች ዶሮ ልቧ ይሰበራል።»

«የዶሮ ልብ!» ብሎ ሳቀ።

«ሳቅ፣ ሳቅ። ላንተ ልብ ያለው ዳቦ ብቻ ነው።»

የገብስማዋ እንቁላሎች አባት ከግንቡ ማዶ የሚኖረው የፀጉር አስተካካዩ አውራ ዶሮ ነው። ግንቡን እየዘለለ ይመጣል፣ ጉዳዩን ጨርሶ እየጮኸ ይመለሳል። ስለዚህም ጎረቤታሞቹ «አማቼ» መባባል ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

ሙቀቱ በከረረ ሰሞን መጀመሪያ የሄደችው ጥቁሯ ናት። ጋጋሪው ውሃቸውን ሊቀይር ሲወጣ ከቆጡ ሥር ክንፎቿን ዘርግታ ተኝታ አገኛት፤ ለመብረር ተነሥታ መሃል ላይ ሐሳቧን የቀየረች ትመስል ነበር። በማግስቱ ወሰራዋ ተከተለቻት። ከግንቡ ጥግ፣ አፈሩ ለስለስ ካለበት፣ ጎን ለጎን ሊቀብራቸው ሲቆፍር የፀጉር አስተካካዩ ራስ በግንቡ ላይ ብቅ አለ።

«ምን እየተከልክ ነው ጋሼ?»

«ቀስ በል! ሚስቴ እንዳትሰማ።»

ጎረቤቱ አንገቱን አስግጎ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ወይኔ፣ ጥቁሯ ደግሞ! እትዬን ምን ልትላት ነው?»

«ምንም። ፋሻው እስኪፈታ ምንም። ካለቀሰች ዓይኗን አጣች ማለት ነው።»

ችግሩ ሴትዮዋ ጆሮ አላት። ዓይኗ ከታሰረ ወዲህማ ጆሮዋ ግድግዳ ያልፋል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው በዚያው ቀን፣ «ጥቁሯ ድምጿ ጠፋሳ?»

«ሙቀት ነው እመቤቴ፣ ጥላ ሥር ተጋድማለች።»

«ወሰራዋስ?»

«እሷም እዚያው ናት።»

«ጥቁሯና ወሰራዋ አንድ ጥላ ሥር? ተኳርፈው የለም እንዴ!»

ጋጋሪው ላብ አሰመጠው፤ ሙቀት ያላመጣው ላብ። ዶሮ ይኳረፋል ብሎ ማን ያስባል? እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ነው ያ ሰፈሩን በዳቦ ያሳደገ፣ ሪዙ የነጣ፣ የተከበረ ሰውዬ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት በታች ቁጢጥ ብሎ «ቋ... ቋቋ... ቋ» ማለት የጀመረው። ጠዋት እንደ ጥቁሯ ወፈር አድርጎ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ወሰራዋ ቀጠን አድርጎ። አንገተ መላጣዋ ፊት ለፊቱ ቆማ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታየዋለች፤ ትሄዳለች፤ ያልገባት ነገር ስላለ ተመልሳ ትመጣለች። ፀጉር አስተካካዩ ከግንቡ ማዶ ሆዱን ይዞ በሳቅ ይፈርሳል።

«አማቼ፣ እንቁላል የጣልክ ዕለት ጥራኝ አደራህን!»

ቆይቶ ከውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ይመጣል፦ «ወሰራዋን ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ። እስቲ ውሃ ስጣት።»

ገብስማዋን ግን ጋጋሪው እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት። ሌሎቹን ባላውቅባቸውም ይቺን አውቅባታለሁ አለ። ነገሩ ቀላል ሆኖ ታየው፦ ሊጥና እንቁላል አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያድጉት ተኝተው፣ በሙቀት፣ ሰው ሳይነካካቸው ነው። ሊጥ ደግሞ ጠላቱ ነፋስ ነው። ለስንት ረዳት ይሄንኑ ሲያስተምር ኖሯል። ስለዚህ የዶሮዋን ሣጥን ወደ እቃ ቤቱ ጥግ አስጠጋ። ከጣራው ሥር ያለችውን የአየር ቀዳዳ በጆንያ ወተፋት። በሣጥኑ አፍ ላይ ወፍራም የዱቄት ከረጢት አንጠለጠለ። በሩን ዘጋ። ጠዋት ጠዋት ጥሬና ውሃ ሲያስገባላት መዳፉን ከከረጢቱ ኋላ ሰደድ ያደርግና «ለብ ብሏል፣ ደግ ነው» ይላል፤ ልክ ሊጥ እንደሚያይ።

ያ እጅ ግን የጋለ ላሜራ ያለ ጨርቅ ሲያነሳ የኖረ እጅ ነው። ቆዳው ደንድኗል። እሳት ሲነካው ለብ ያለ፣ ለብ ያለ ሲነካው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። እሱ ይሄን አያውቅም ነበር። ሰው የገዛ እጁን ከመቼ ወዲህ ይጠረጥራል?

«ጋሼ፣ እቃ ቤቱን ክፈትላት እንጂ» አለው ፀጉር አስተካካዩ። «የኔ ሱቅ በሁለት መስኮት እንኳ ሰው እያቃሰተ ነው የሚላጨው።»

«አንተ ስለ ፀጉር አውራ። ስለ ሙቀት ለኔ ልትነግረኝ ነው?»

«እሺ፣ አልተናገርኩም። ብልህስ አንገተ መላጣዋ ናት፤ እኔን ሳትከፍል ተላጭታ ቁጭ አለች። ሌላው ቢያልቅ እሷ ናት የምትተርፍ!»

ቀትር ላይ ጋጋሪው ከሚስቱ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መጋረጃው ወርዶ ክፍሉ የማር ቀለም ይይዛል። ነገር ሁሉ ይዘገያል። ዝንቧ እንኳ ሐሳብ እንደገባው ሰው ነው የምትበረው። ሴትዮዋ በዚያን ሰዓት ከፋሻው በስተጀርባ የምታየውን ታወራለታለች።

«ዛሬ ምን አየሽ?» ይላታል።

«ውሃ። ብዙ ውሃ፣ ግን አያርስም። እኛ ግቢ መሃል ላይ ነው፤ ዶሮዎቼ በላዩ ይሄዳሉ። ጥቁሯ ሰማያዊ ሆናለች፤ ያምርባታል። እግሬ ሥር መጣችና ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሄደች።»

«ወዴት ሄደች?»

«እኔ ምን አውቄ። ሕልም አይደል? ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ብተኛም ብነቃም ዶሮ ነው የማየው።»

ጋጋሪው ድምፁ ተለውጦ እንዳትሰማው ብሎ በመናገር ፈንታ የሻይ ብርጭቆዋን ካለበት አንስቶ እዚያው መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ የባሰው ቀን መጣ። ያን ቀን ሰማዩ ሰማያዊነቱን ጥሎ ነጭ ሆኖ ዋለ። ውሻ አልጮኸ፣ መኪና አላለፈ። ጋጋሪው ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ በሕልሙም የድሮው ፉርኖ ፊት ቆሞ ራሱን አየ። በሩን ሲከፍት ውስጡ ዳቦ የለም። ዶሮዎች ናቸው ተርታ ተርታውን የተኙት፤ ነጫጭ፣ ክብ፣ ለስላሳ። እንደ ሊጥ ቀስ እያሉ ያብጣሉ። ኩፍ ይላሉ። «ደርሰዋል፣ አውጣቸው» ይለዋል አንድ ሰው ከኋላው። እሱ ግን አካፋው ጠፋበት፤ በግራ ያያል፣ በቀኝ ያያል፣ የፉርኖው በር ደግሞ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል...

«አንተ! አንተ ሰውዬ!»

ነቃ። ሚስቱ አልጋው ላይ ተነሥታ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከግድግዳው ማዶ እቃ ቤቱ ነው።

«ገብስማዋ እያለከለከች ነው» አለች። «ስማ... በፍጥነት ነበር... አሁን ቀስ አለ።» ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። «አሁን አቆመ። ሩጥ!»

ሮጠ። የእቃ ቤቱን በር ሲከፍተው ውስጥ ያለው አየር ወጥቶ ፊቱን መታው፤ እጁ ሲደብቀው የሰነበተውን ነገር ፊቱ ነገረው። ያ ክፍል እኮ ፉርኖ ሆኗል! በገዛ እጁ፣ በገዛ ዕውቀቱ፣ ቀዳዳውን ወትፎ፣ በሩን ዘግቶ። ከረጢቱን ገነጠለው። ገብስማዋ አፏን ከፍታ፣ ክንፎቿን ከሰውነቷ አርቃ፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ፣ እንቁላሎቿ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ሲያነሳት አንገቷ በክንዱ ላይ ተንጠለጠለ። ክብደት የላትም፤ ውስጡ ወጥቶ ቅርፊቱ የቀረ ዳቦ ትመስል ነበር።

ደረቱ ላይ ይዟት ወደ ሚስቱ ገባ። ሌላ የት ይሂድ?

«ይቺም ልትሄድ ነው» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ካፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። «ይቺም» ብሏላ! ወደ ፋሻው አፈጠጠ፤ አሁን ይርሳል፣ አሁን ሁሉ ነገር ያልቃል ብሎ።

ፋሻው አልራሰም።

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ሁለቱ መሄዳቸውን ካወቅሁ ቆየሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኔ ባል ግን እኔን ለማታለል ራሱ ዶሮ ሆነ! አሁን ተወው። ሳፋውን አምጣ። ከቧንቧ እንዳትቀዳ፣ ከእንስራው ቅዳ። በጣም ቀዝቃዛ አይሁን፣ ያስደነግጣታል።»

«እንዳታለቅሺ ብዬ እኮ ነው...»

«ዓይኔን ለዶሮ አልሰጥም። ሳፋውን!»

ሳፋው መጣ። እሱ ዶሮዋን ያዘ፤ እሷ ከተቀመጠችበት ታዛለች። እግሮቿን ውሃው ውስጥ አቁም። አሁን ከክንፏ ሥር አርስ፤ ከላይ አይደለም፣ ላባው ውሃ አያስገባም፣ ከሥር። ጣትህን ንከርና አፏ ጠርዝ ላይ አንጠብጥብ፤ አታፍስስ፣ ታንቃታለህ። ጋጋሪው እንደ አዲስ ረዳት እሺ፣ እሺ ይላል። ውሃው ላይ ያረፈው ብርሃን ጣራው ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ለረጅም ጊዜ ከዚያ ብርሃን በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም። ከዚያ ገብስማዋ አንድ ጊዜ ዋጠች። ደግማ ዋጠች። ዓይኗን ገልጣ ጋጋሪውን አየችውና፣ እንደ መከፋት ብላ፣ ጣቱን ነቆረችው።

«ነከሰችኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው።

«ጎሽ! እሷን እዚያው ተዋትና አሁን እንቁላሎቹን አምጣ። ሳይቀቀሉ!»

በሣጥኑ ይዟቸው መጣ። ሴትዮዋ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ አንገቷን እንደ ንግሥት ቀጥ አድርጋ፣ እየዳበሰች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ከሣጥኑ ጭድ አነጠፈችና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ተቀበለችው።

«ደህና ናቸው፣ ለብ ብለዋል» አለ ጋጋሪው።

እሷ አንዱን አንስታ የላይኛው ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው። «ይሄ ለብ ያለ ነው? ይሄ ያቃጥላል።» ከዚያ ነፃ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው። መዳፉን ዳሰሰችው፣ የጣቶቹን ጫፍ ዳሰሰች፣ የድሮ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ ነካካች። «እጅህ እኮ ዳቦ ሆኗል» አለችው ቀስ ብላ። «ቅርፊቱ ወፍሯል። ከእንግዲህ አንተ ተሸከም፣ እኔ ልንካ።»

ጋጋሪው ያን እጅ አዙሮ አዙሮ አየው።

እንዲህ ሆነው ዋሉ። ገብስማዋ ሳፋው አጠገብ እርጥብ ጨርቅ ላይ ትተነፍሳለች። ሴትዮዋ እንቁላሉን ከንፈሯ ላይ ታደርግና ትናገራለች፤ «ይሄ ሞቋል፣ ወደ መስኮቱ ጥላ»፤ «ይሄ ደህና ነው፣ ይቀመጥ»፤ «ያኛውን መልሰው፣ በረድ ብሏል መሰለኝ።» እሱ እያመላለሰ ያቀብላታል፣ በካርቶን ቁራጭ ያራግባል፣ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ውሃ ይጨምራል። የክፍሉ ሙቀት ራሱ እንደ ትልቅ ዶሮ በላያቸው ተቀምጧል፤ በሩቅ የሆነ ቦታ የሚወርድ የሱቅ መዝጊያ ድምፅ እንኳ ተኝቶ የሚናገር ሰው ድምፅ ይመስላል። ከግንቡ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ «ሰላም ናችሁ ወይ?» ብሎ ተጣራ። «አትጩህ፣ እየሠራን ነው!» አለው ጋጋሪው፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አልነገረውም።

አንድ እንቁላል ላይ ሴትዮዋ ቆየች። ከከንፈሯ አንስታ ወደ ጆሮዋ ወሰደችው።

«ምነው? ተበላሸ?»

«ያንኳኳል።»

ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። መጀመሪያ የሰማው የገዛ ልቡን ነበር። ከዚያ ከልቡ በታች፣ ቀጭን፣ ጥፍር የሚያህል ነገር፤ ጢቅ። ዝም። ጢቅ ጢቅ። ቅርፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ታየችው፤ ከውስጥም ጭው ያለ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሕፃን «ጪው» የሚል ድምፅ መጣ።

ቀና ሲል የሚስቱ አገጭ ይንቀጠቀጣል።

«አይሆንም!» አለ። «እመቤቴ፣ በእናትሽ፣ አሁን አይደለም!»

«ምን ላድርግ? መጣብኝ።» ድምጿ ሊሰበር ነው። በሐዘን የቆመችው ሴትዮ በደስታ ልትወድቅ ሆነ። «ቶሎ በል፣ አንድ ነገር አውራኝ። የማያስቅ፣ የማያስለቅስ ነገር። ዝም ብሎ የሚያሰለች ነገር!»

ጋጋሪው ተርበተበተ። ስለ ልጆቹ እንዳያወራ፣ ታለቅሳለች። ስለ ወጣትነታቸው እንዳያወራ፣ ይብስ ታለቅሳለች። ያለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ዱቄት» አለ።

«እ?»

«ዱቄቱን መጀመሪያ ትነፋዋለሽ። ነፍተሽ ገበታው ላይ ታፈሺዋለሽ፤ መሃሉን ታጎደጉጃለሽ። እርሾውን በለብታ ውሃ ትበጠብጪና ጉድጓዱ ውስጥ ታንቆረቁሪዋለሽ። ቀስ። ከዳር ዳር ዱቄቱን እየሰበሰብሽ ወደ ውስጥ... አትቸኩይም... እጅሽ ላይ ይጣበቃል፣ ይጣበቅ፣ ተዪው...»

ሴትዮዋ በአፍንጫዋ ረጅም አየር ሳበች። እንቁላሉ በመዳፏ ውስጥ ነው።

«ከዚያ ማቡካት ነው። በመዳፍሽ ግፊው፣ እጠፊው፣ አዙሪው። ግፊው፣ እጠፊው፣ አዙሪው። ይሄ እስኪለሰልስ ድረስ ነው። ሲለሰልስ ራሱ ይነግርሻል...»

አገጯ ረጋ። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ እየዞረ እሱንም ሳይታወቀው ያባብለው ጀመር። እንዲያ እያለ ሳለ ገብስማዋ ከእርጥቡ ጨርቅ ላይ ተነሣች። ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች። ከዚያ በሊሾው ላይ መጣች፤ እርጥብ እግሯ የረገጠበት ሁሉ አንድ አፍታ ይታይና ሌላው እርምጃ ሳይጨመርበት ይደርቃል። ወንበሩ ሥር ደርሳ ቀና ብላ አየች። ጋጋሪው ወሬውን ሳያቋርጥ እጁን ከሥሯ ሰደደና ወደ ሚስቱ ጭን አወጣት። ዶሮዋ ዞረች፣ ጭዱን በእግሯ ጫረች፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በአፏ ሳብ አድርጋ ከሥሯ አስገባች፤ ሴትዮዋም በእጇ ያለውን ያን የሚያንኳኳውን ቀስ ብላ ከላባው በታች አስጠጋችላት። ከዚያ ገብስማዋ ላባዋን ነፋ አድርጋ ተቀመጠች። በጉሮሮዋም ማንም አስመስሎ ሊያወጣው የማይችል ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማች፤ ከሥሯ አንድ ቀጭን ድምፅ መለሰላት።

«...ከዚያ በጨርቅ ትሸፍኚውና...» ብሎ ጋጋሪው ድንገት ቆመ። «አይ። ጨርቁ ይቅር። መስኮቱን ከፍተሽ ታስቀምጪዋለሽ» አለ፤ ተነሥቶም የመኝታ ቤቱን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ቀጥል፣ አታቋርጥ» አለች ሴትዮዋ ሳትንቀሳቀስ። ጭኗ ላይ ያለው ነገር እንዳይረበሽ ትንፋሿን እንኳ በልክ ነው የምትስበው። «ገና ከእንባዬ አልተረፍኩም። ደግሞም ጨው አልጨመርክበትም።»

ጋጋሪው የካርቶኑን ቁራጭ አነሣ፤ ለሚስቱም ለዶሮዋም እያራገበ እንደገና ከዱቄቱ ጀመረላት።